ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ

የውሃ ፋብሪካው ላቦራቶሪ መርማሪ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የሦስተኛው ጉድጓድ ውሃ ተበክሏል። ሦስቴ መረመረችው፣ ሦስቴም ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ውጤቱን ስታሳየው «መሣሪያሽ ነው የተበላሸው» ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ውሃው ትምህርት ቤት ድረስ እየተጫነ ይሄዳል። አብሯት ይሠራ የነበረው መርማሪ ይህን የመሰለ ነገር ከአፉ ቢያመልጠው በሌብነት ተከሶ እስካሁን ፍርድ ቤት ይመላለሳል። እሷ ደግሞ የምትጦራት እናት አለቻት። ፈራች፣ ግን ዝም ማለትም አቃታት።

ለመንግሥት የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ለመጻፍ ስትወስን ኮምፒውተር ጠጋኝ ታናሽ ወንድሟን አማከረችው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እታለም» አለና ስሟ የሌለበት አዲስ ኢሜይል ከፈተላት፤ ደብዳቤ የሚመሰጥር ፕሮግራምም ስልኳ ላይ ጫነላት። «ካንቺ ሲወጣ ይቆለፋል፣ እሷ በራሷ ቁልፍ ትከፍተዋለች፤ መልሷን ደግሞ አንቺ በራስሽ ቁልፍ። መሃል ላይ ያገኘው ሰው የፊደል ትርምስ ነው የሚያየው።»

«ኢሜይሉን የሚሰጠው ድርጅትስ?»

«እሱም ቢሆን አያነበውም። ርዕሱ ግን አይቆለፍም። እዚያ ላይ ‹ሰላምታ› ብለሽ እለፊ።»

እሺ አለች፤ የምሯን ነበር። እጇ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ላይ ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው። በዚያ ላቦራቶሪ ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ሳይመረመር ይደፋል። መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይቀዳል። እናም ኢሜይሉን ስትከፍት፣ ገና ሐሳቧን ሳትሰበስብ ርዕሱ ላይ «የሦስተኛው ጉድጓድ ውሃ ውጤት» ብላ አሳምራ ጻፈች። ከዚያ ደብዳቤውን ቆልፋ ላከችና እፎይ አለች።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ነበር። በሥራ አስኪያጁ ደንብ ሁሉም ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጣል። የሽያጭ ኃላፊው ስለ ጠርሙስ ክዳን ሲያወራ ሲያወራ፣ እሷ የራሷን ስልክ እያየች ድንገት ያ ርዕስ ትዝ አላት። ተቆጣጣሪዋ ከመለሰች መልሱ ያንኑ ርዕስ ይዞ መስታወቱ ላይ ይወጣል።

እጇን ዘረጋች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ላጥፋው።»

«ተይው ልጄ፣ ማንም አላጠፋም።»

እጇን ሰበሰበች። «ወንድሜ ነግሮኝ፣ እሺ ብዬ፣ ምን ነካኝ» ትላለች በሆዷ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኳ በራ፤ መስታወቱ ላይ ርዕሱ፣ ከሥሩም የፊደል ትርምስ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ወደ ራሱ ሳብ አደረገና መነጽሩን አስተካክሎ ድምፁን ሳያወጣ አነበበ። አልተቆጣም። ባለመቆጣቱ ነው የባሰ የፈራችው።

«በሉ፣ ሌሎቻችሁ ወደ ሥራችሁ» አለ።

ወንበሮች ተንኳኩ። ሰዎቹ ወጡ። የመጨረሻው ሰው በሩን ዘጋው።

«ጎበዝ» አላት፤ ድሮ በዚያው ላቦራቶሪ መርማሪ ሳለ ሥራ ያስለመዳት እሱ ነበር። «ጽሑፍ ሳትለጥፊ ምንም ነገር አትልኪም። እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ።»

ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም።

ስልኩን በእርጋታ ወደ እሷ ገፋው። «ውስጡ ትርምስ ነው፣ ለእኔ አይነበብም። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አይደል? በይ ክፈቺውና አንብቢልኝ።»