ከእግር የሚለቀም ዜማ

ፎቲስ ለልጁ ሠርግ ከዲጄ ጋር ተነጋግሮ መጣ። ማንንም አላማከረም። ቅዳሜ ጠዋት ያኒና ከተማ ወርዶ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ አንድ ጎረምሳ አነጋግሮ፣ ከሰዓት ተመለሰና ኮፍያውን ወጥ ቤት በር ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለ። «የዘፈኑ ነገር አልቋል። ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ይዞ ይመጣል» አለ።

ልጁ ቫያ ሊጥ እየዳመጠች ነበር። እጇ ቀጥ አለ።

«ክላርኔትስ?»

«የምን ክላርኔት?»

«አባዬ፣ በእኛ መንደር ያለ ክላርኔት የተዳረች ሴት ታውቃለህ?»

«የመጀመሪያዋ አንቺ ትሆኛለሻ። ተመስገን በይ፣ ስምሽ ይነሳል።»

«ስሟማ ይነሳል!» አለች ታላቅ እህቱ ኬራትሶ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ባቄላ እየፈለፈለች። «‹ያቺ በማሽን የተዳረችው› እየተባለ እስከ ልጅ ልጇ ይነሳል። አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?»

ፎቲስ ንቦቹን ላያቸው ብሎ ወጣ።

ንቦቹ ምስኪኖች፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰበብ መደበቂያ ሆነውለታል። ሚስቱን ፓናዮን ከቀበረ ወዲህ ክላርኔት በተነፋበት ቦታ ቆሞ አያውቅም። በነሐሴ በዓል አደባባዩ ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ እሱ ቀፎዎቹን ይዞ ተራራው ላይ ነው። ሁለቱን ዓመት ሰው ሐዘን ነው አለ፤ ደግ። ከዚያ በኋላ ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ተወው። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፎቲስ ግትር አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። በእኛ አገር ክላርኔት ነፊ ለሕዝብ አይነፋም። ከመቀመጫው ተነስቶ ይመጣና ጎንበስ ብሎ ለአንተ ለብቻህ ጆሮህ ሥር ይነፋልሃል፤ ማን እንደሞተብህ ያውቃላ! ማሽን ግን ዓይን ዓይንህን አያይም። ፎቲስ በልጁ ሠርግ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብዬ አለቅሳለሁ ብሎ ነበር የፈራው።

ቫያ የእናቷ ልጅ ናት፤ አትከራከርም፣ ታደርጋለች እንጂ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የመንደሩን ክላርኔት ነፊ ጋሽ ላምብሮስን አስከትላ መጣች። ላምብሮስ ሰባ ዓመት አልፎታል። በአንድ እጁ የክላርኔቱን ሳጥን፣ በሌላው ጥቁር ደብተሩን ይዟል። ደብተሩ ውስጥ የመንደሩ ሰው ሁሉ አለ፣ እያንዳንዱ ከነዜማው። አንድ ሰው መሐረቡን ይዞ የጭፈራው ሰልፍ ፊት ከቆመ፣ ላምብሮስ ምን ልንፋልህ ብሎ አይጠይቅም። ሰውየው ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡ ራሱ እስኪጠይቅ ድረስ ያንን ዜማ ማንም አይነካውም።

«እኔ ለዲጄ ነግሬያለሁ» አለ ፎቲስ ገና በሩ ላይ።

«ይምጣ! ማታ ለወጣቶቹ ይጩህላቸው፣ ማን ከለከለው? እኔ የመጣሁት ለቤቱ ነው።» ላምብሮስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የአይብ ቂጣ፣ ፒታውን፣ ሳይጋብዙት ቆረሰ። «በሉ። መጀመሪያ ለቤቱ ሙታን ሙሾው ይነፋል፤ እሱ እንደ ወጉ ነው፣ አንነጋገርበትም። ቀጥሎ እትዬ ኬራትሶ። ያንን ፈጣኑን ጉልበትሽ ይችለዋል?»

«የእኔን ጉልበት ተወውና የራስህን ትንፋሽ ጠብቅ!»

ላምብሮስ ሳቀና ጻፈ። የሙሽራውን አጎቶች ጻፈ፣ ሚዜዎቹን ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን አነሳ።

«የሙሽራዋስ ጭፈራ?»

«የእማዬን» አለች ቫያ።

ፎቲስ ብድግ አለ። ፊቱ ደም መሰለ።

«ያ ዜማ ከተነፋ እኔ እዚያ አደባባይ ድርሽ አልልም! ሰማሽ? ያለ አባት ትዳሪያለሽ!»

«እናት የለኝም፣ አባዬ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተንም በቁምህ ልጣህ?»

ፎቲስ ኮፍያውን ከሚስማሩ አወረደ፤ ልጁ እያለቀሰች እግሩ ወደ በሩ ሄደ።

«አትጣሉ» አለ ላምብሮስ ደብተሩን ከድኖ። «የሚያጣላ ነገር የለም። ዜማውን አላውቀውም።»

ፎቲስ ዞረ። «ምን አልክ?»

«አላውቀውም አልኩህ። ከትውልድ መንደሯ ያመጣችው ነው፣ እኛ ዘንድ ማንም አይነፋውም። ሠላሳ ዓመት ነፋሁላት፣ ግን መቼ እኔ መራኋት? እግር እግሯን እያየሁ ተከተልኳት እንጂ። ስትዘገይ እዘገያለሁ፣ ስትፈጥን እፈጥናለሁ። እግሯ ሲሄድ ዜማውም አብሮ ሄደ። ቫያ ከታጨች ጀምሮ፣ ትጠይቀኛለች ብዬ፣ ቤቴ ስሞክረው ከረምኩ፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።»

ፎቲስ ኮፍያውን እንደያዘ ቀረ። ሰባት ዓመት የሸሸው ዜማ አደባባዩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው መስሎት ነበር። ለካ የትም አልነበረም። ፓናዮ ሁለተኛ የሞተች ያህል ሆነበት።

«እንግዲህ የቀረ አንድ ሰው ነው» አለች ኬራትሶ ቀስ ብላ። «ሠላሳ ዓመት የመሐረቧን ጫፍ ይዞ ከኋላዋ ሲጎተት የኖረ።»

«ማን? እኔ ነኝ የተጎተትኩት?»

«እንደ በግ!»

ፎቲስ ኮፍያውን መልሶ ሰቀለ። ጭቃ የያዘ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፤ የካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል። ከምድጃው አጠገብ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ አንስቶ አንዱን ጫፍ ለቫያ ሰጣት።

«እኔ እሷን ልሁን፤ አንቺ እኔን ሁኚ» አላት። «በል ላምብሮስ፣ ቀስ ብለህ።»

ላምብሮስ ነፋ። ፎቲስ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«አይ! አይ! ምን ያስቸኩልሃል? እዚህ ጋ እግሯን ታነሳና ታስባለች። ከዚያ ነው የምታሳርፈው።»

«ታስባለች?»

«ታስባለቻ! እንደገና!»

እንደገና ተነፋ፤ ደግሞም እንደገና። በአራተኛው ሙከራ ክላርኔቱ የፎቲስን እግር አገኘው። ያ ወፍራም ሰውዬ፣ የንብ ቀፎ ሲሸከም እንደ ድብ የሚራመደው፣ የሚስቱን እርምጃ ምንም ሳያጎድል አወጣው። እንባውም መጣ። ሰባት ዓመት የፈራው እንባ ጢሙ ላይ ዱብ ዱብ አለ። ቤቱ አልፈረሰም፣ የሳቀበትም አልነበረም፤ ኬራትሶ ራሷ በሽርጧ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

በጭፈራው ሦስተኛ ዙር ላይ ፎቲስ ድንገት ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ ልጁን አያት።

«ይኸው! እዚህ ጋ ነው የሚጠፋብኝ!» ብሎ ጮኸ ላምብሮስ። «ምን ነበር የምታደርገው?»

«ዞራ ታየኛለች» አለ ፎቲስ። «መከተሌን ልታረጋግጥ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እያፈርኩ እናደድ ነበር፤ የት እሄድብሻለሁ እያልኩ። ‹አለሁ፣ ሂጂ› እላታለሁ፣ በሹክሹክታ። ያኔ ነው እግሯን የምትለቀው።»

«አይ የእኔ ሞኝነት!» አለ ላምብሮስ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትንፋሽ የምትሰበስብ መስሎኝ!»

ፎቲስ አፍንጫውን በዕቃ ማድረቂያው ጨርቅ ጠረገ። ኬራትሶ ጮኸችበት፣ ሌላ ጨርቅ የለም ወይ ብላ። «ጻፈው» አለ ፎቲስ ለላምብሮስ። «የሙሽራዋ ጭፈራ፣ የፓናዮ። ከኋላዋ የሚይዘው አባቷ።»

ሠርጉ ዕለት አደባባዩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሙሾው ተነፋ፣ ሙታን ድርሻቸውን አገኙ። ከዚያ ቫያ ነጭ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከሰልፉ ፊት ቆመች። በሌላው እጇ የእናቷን መሐረብ ያዘች፤ ጫፉ ፎቲስ እጅ ነበር። አንድ ዙር ሄዱ፣ ሁለት ዙር ሄዱ። ሰዉ ዜማውን አወቀው፤ አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ሦስተኛው ላይ ቫያ ቆመች። ላምብሮስም ትንፋሹን ያዘ። ያ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛው ዲጄ እንኳ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሽቦውን እንደያዘ ቀረ። ቫያ ወደ ኋላ ዞራ አባቷን አየችው።

ፎቲስ በሹክሹክታ ሊላት አስቦ ነበር። አልሆነለትም። እንባ ባነቀው ድምፅ፣ ተራራው ላይ ንቦቹ ድረስ እስኪሰማ ጮኸ።

«አለሁ! አለሁ ልጄ፣ ሂጂ!»

ቫያም ሄደች።