ገመድ የፈራ ውሻ

ሲስተር ጸዳለ ውሻውን የተቀበለችው ለአንድ ሳምንት ብቻ ብላ ነበር። ውሻው የሰሊጥ እርሻ ሲጠብቅ የከረመ ነው። አጫጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲበተኑ፣ ከአሮጌ የትራክተር ዲስክ ጋር በሽቦ እንደታሰረ ትተውት ሄዱ። ውኃ የሚያመላልሰው ሾፌር ሲደርስለት ሽቦው የአንገቱን ሥጋ በልቶ ገብቷል፤ ጎኑ በዱላ ሰንበር ተዥጎርጉሯል።

"አንቺ ቁስል ታውቂያለሽ፤ ወንድምሽ ደምለው ደግሞ ገለጉ ከተማ ሰፊ ግቢ አለው፤ ትልኪለታለሽ" ብሎ ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ አምጥቶ አስረከባት።

አንገቱስ ዳነ። የገለጉ መንገድ ግን በዚያው ሰሞን ተዘጋ፤ ሳምንቱም አምስት ወር ሆነ።

ዲስኮ ብላ ስም ያወጣችለት ጎረቤቷ ረፊቃ ናት። ረፊቃ ግቢው በር ላይ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ውሻው ብቅ ሲል ልብሷን እንዳይነካባት ቀሚሷን ትሰበስባለች፤ የተረፈ ገንፎ ግን ከእሷ ቤት ጠፍቶበት አያውቅም።

ረቡዕ ዕለት ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ በሰፈሩ ዞረ። ያበደ ውሻ ሦስት ሰው ነክሷልና፣ ከዓርብ እስከ እሑድ ያልታሰረ ውሻ ሁሉ መርዝ ይበላል አለ።

ጸዳለ ቁጭ ባለችበት ቀረች። ቤት እንዳትዘጋበት፣ ባለፈው በር ዘግታ ሥራ ብትሄድ የጭቃውን ግድግዳ ቦርቡሮ ወጥቷል። ደግሞስ በዚህ በሚያዝያ ሐሩር ቆርቆሮ ቤት ዘግቶ መተው ምጣድ ላይ ማስቀመጥ አይደል? እንዳታስረው ደግሞ፣ ገመድ ያየ ለት ሽንቱ ያመልጠዋል።

ሐሙስን ሙሉ ለመነችው። ሻካራው ቢያስፈራው ብላ ከፋሻ ገመድ ገመደችለት። ወደ አንገቱ እጇን በሰደደች ቁጥር ግን አልጋው ሥር ገብቶ መሬት ላይ ይለጠፋል። አይነክስ፣ አይጮህ፤ ዱላውን ብቻ ይጠብቃል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለባልሽ እንኳ ይህን ያህል አልተለማመጥሽም!" አለች ረፊቃ ከደጅ።

"ባሌማ በሩን ራሱ ከፍቶ ሄደ" አለች ጸዳለ፣ ከአልጋው ሥር ሳትወጣ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ደክሟት ደጃፏ ላይ መሬት ተቀመጠች። እንዲያው እጇ ሥራ ሲፈታ የፋሻውን ጫፍ የገዛ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቋጠረችው። ዲስኮ ከውስጥ አያት። ቆይቶ በሆዱ እየተሳበ መጣና ቋጠሮውን አሸተተ፤ ከዚያ እግሯን፤ ከዚያ እንደገና ቋጠሮውን። አጠገቧ ተኛ። ጸዳለ ትንፋሿን ውጣ፣ አንገቱን ሳትነካ፣ በሌላው ጫፍ እንደ አህያ መጫኛ በደረቱ ዙሪያ አሰረችው። ተንቀጠቀጠ። አልሸሸም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል የቀበሌው ሠራተኛ አዛናው ሥጋ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ ደረሰ።

"እንደምን አደሩ ሲስተር? ውሻው ታስሯል?"

"ታስሯል።"

"ከምን ጋር?"

እግሯን ብድግ አድርጋ አሳየችው። አዛናው እግሯንም ውሻውንም ትክ ብሎ አየ።

"እንግዲህ መመሪያው ይታሰር እንጂ ከምን ጋር አይልም" አለ። "ፈተው ከለቀቁት ግን ኋላ አይውቀሱኝ። እስከ እሑድ ማታ እመላለሳለሁ።"

እሱ ሲርቅ ጸዳለ ቋጠሮዋን ፈታ ከበሩ መቃን ልታስረው ሞከረች። ዲስኮ ከእግሯ መፈታቱን ሲያይ ሽቅብ ዘሎ ጮኸ፤ ገመዱን በጥርሱ ያዘ። መልሳ ከእግሯ አሰረችው። ዝም አለ።

"ሦስት ቀን?" አለች ረፊቃ። "ሥራሽስ?"

ጸዳለ ለኃላፊዋ ደወለች። አሞኛል አለች። ምን እንዳመማት ሲጠይቃት "እግሬን" ብላ ዘጋችው። ጥላው ሸሽቶ ፀሐዩ አናቷ ላይ ወጣ፤ ላቧ በጀርባዋ ወረደ፤ ፈቀቅ ባለች ቁጥር እሱም ፈቀቅ ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ "ረፊቃ፣ ሽንቴ መጣ" አለች።

"ወይ ጉድ!"

ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው። ጸዳለ ስትነሣ ዲስኮም ጭራውን ቆልፎ ተነሣ፤ እያነከሱ ሁለቱም ተሻገሩ። የቆርቆሮው በር ከገመዱ ጋር አልገጥም አለ። ረፊቃ በአንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በአንድ እጇ በሩን ያዘች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

"ቶሎ በይ እንጂ፣ ሻዬ ገነፈለ!"