ሰው እንዳይሸሽ

ጎረቤቶቹን አሳምኖ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከወንጪ አምቦ ያመጣቸው ዋቅቶላ ነበር። የግራ ዓይኑን በልጅነቱ እሾህ ወስዶበታል፤ የቀኙን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል። ያቺ አንዲት ዓይን ከዳነች እንደ ድሮው ፈረሶቹን ራሱ እየሳበ ወንጪ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፤ ካልዳነች ጨለማ ነው።

«መርፌው የጉንዳን ንክሻ ነው» ይላቸው ነበር መኪና ውስጥ።

«አንተን መቼ ነከሰህና ነው ኦቦ?» አለ ሞሲሳ። ፈሪ ነው፤ ሰበብ ፈልጎ ከመኪናው ሊወርድ ሞክሮም ነበር።

«እኔ ቀድሜ እገባለሁ። ከጮህኩ ሽሽ።»

ቀድሞ ገባ። ማደንዘዣውን ከዓይኑ ሥር ወግተው በፋሻ ሸፈኑትና፣ እስኪደነዝዝ ሚስቱ ድንቅቱ አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። «ከወጠረዎት ወይም ካመመዎት ቶሎ ይንገሩን» ብላ ነርሷ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ ዋቅቶላ የድንቅቱን እጅ ያዘ። ከተጋቡ ጀምሮ ሰው ፊት እጇን ይዞ አያውቅም። አጥብቆ ጨመቀው።

«ውይ የመቲ አባት! ዛሬ ደግሞ ሙሽራ ሆንን እንዴ?» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ተራ የሚጠብቀው ሞሲሳም ሳቀ። ዋቅቶላ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎበት ነበር፤ ሙቀቱ መስሏት ጠረገችለት።

ሐኪሟ ፋሻውን ስታነሳ የዓይኑ ቆብ ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ዓይኑም ወደ ውጭ ገፍቷል። ግፊቱን ለማስተንፈስ እየተሯሯጡ የቆቡን ጥግ ቀደዱ። አልሆነም።

«መርፌው አንዳንዴ ከዓይን ጀርባ ያለ ደም ሥር ይነካል፣ እናቴ» አለቻት ለድንቅቱ። «ደሙ ተጠራቀመና ዓይኑን የሚመግበውን ሥር ተጫነው። ቶሎ ደርሰንበት ቢሆን ምናልባት ይተርፍ ነበር።» ወደ ዋቅቶላ ዞረች። «አባቴ፣ ያን ያህል ሕመም እንዴት ዝም ብለው ቻሉት?»

«ሞሲሳ እዚያው ተቀምጦ ነበር» አለ። «ብጮህ ሁሉም ይሸሹ ነበር።»

በማግስቱ የሌሎቹ ፋሻ ተነሳ። ሞሲሳ መዳፉን እያገላበጠ «አየሁ! አየሁ!» ሲል ቆየና ዋቅቶላን ሲያይ እጁን አወረደ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ ዋቅቶላ። «ሰው ሲያይ ደስ ይበለው እንጂ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሐይቁ ከታች ብቅ አለ። ድንቅቱ ሰው ሁሉ እያየ የባሏን እጅ ያዘች።

«ያኔ እጄን ስትይዝ አሞህ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«አሁን እንኳ አያምም» አለ።