የዋንዛው ቤዝ ጊታር

«ይሁኔ፣ እባክህ ጓሮ ያለችውን ክፍል ክፈትና ያንን እንጨት አንድ ጥግ አስይዝልኝ። እድሩ ትርፍ አግዳሚ እዚያ ላስቀምጥ ይላል፤ ሰው ሳያየው ቢቀመጥበትስ?» አለች እማዋይሽ፣ ከፍራሹ ሳትነሳ የሟች ባሏን የማቲዎስን ቁልፍ ከአንገቷ እያወለቀች።

የባሏ ታናሽ ወንድም ይሁን ቁልፉን ይዞ በለቅሶው ድንኳን ጎን ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ምክንያት አግኝቶ መውጣቱ ደስ ብሎታል። ከሽንሌ ጅግጅጋ የደረሰው ትናንት፣ የወንድሙ የማቲዎስ መቃብር አፈር ሲመለስ ነበር። ፊቱን እንኳ አላየውም። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ ብድግ ቁጭ ይላል፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ለሚለው አሜን፣ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ለሚለውም አሜን። በመሃል ደግሞ ሹክሹክታው አለ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስለሚቀመጥ ጆሮው ሥራ ፈት ነው።

«ወንድምየው እሱ ነው?»

«አዎ። አራት ዓመት ተኳርፈው ነበርኮ።»

«በምን?»

«በቁምሳጥን።»

ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። ሁለቱ ከመሃል አገር መጥተው ጅግጅጋ ገበያ አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው ነበር። አንድ ቀን ማቲዎስ ለቁምሳጥን በሮች የካርቶን ፎርማ አዘጋጅቶ ለታናሹ ሰጠው። ፎርማው በአንዱ ገጽ ላይ «ፊት» ተብሎ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ ያ ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ ነው እንጨቱ የሚቆረጠው። ይሁን ገልብጦ አስቀመጠውና ስምንቱንም በሮች ለተቃራኒው ጎን ቆረጣቸው። ማቲዎስ ጓዳ አስገብቶ ቢቆጣው ምንም አልነበር። ደንበኛው ቆሞ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ፊትና ጀርባ የማይለይ ሰው መጋዝ አይያዝ!» አለው። ይሁን «ተሳስቻለሁ» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላለም። ሽርጡን ፈትቶ ወጣ፤ ሽንሌ ወርዶ የሱቅ መደርደሪያ እየሠራ አራት ዓመት ኖረ። በየበዓሉ ስልኩን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል። ወንድሙም እንደዚያው ሳያደርግ አልቀረም። አሁን የሚታረቀው ሰው የለም። አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ ለማቲዎስ ቢያደርግለት ይፈልጋል፤ ምን እንደሆነች ግን አያውቅም።

ክፍሏን ሲከፍት የኮላና የዋንዛ ሽታ ተቀበለው። «ያ እንጨት» ጠረጴዛው ላይ በአቡጀዲ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ገለጠው።

ቤዝ ጊታር ነው። አካሉ አንድ ወጥ ዋንዛ፣ አንገቱ ወይራ፤ ገመዶቹ የሚያልፉበት ጫፍ ላይ አራት ቦይ የወጣለት የግመል አጥንት ተተክሏል። መሃሉ ላይ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ጀዕፈር ከተቃጠለ ዲናሞ ባወጣው ቀጭን የመዳብ ሽቦ የጠቀለለው ማግኔት ተቀብሯል። የቀረው ገመድ ብቻ ነው። ማቲዎስ አልጋና ቡፌ ሠሪ ነበር፤ ይህን የት ተማረው? እማዋይሽ ትናንት እያለቀሰች ነግራዋለች። ለሠርግ ባንዶች የድምፅ ማጉያ ሳጥን ሲሠራላቸው ኸሊፍ ከሚባል ሙዚቀኛ ጋር ተዋወቀ፤ ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ከሱቅ ሲመለስ ምሳውን እንኳ በቅጡ ሳይበላ እዚህ ይገባል። «ጣውንት አመጣብኝ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ይሁን አናጢ ነውና እንከን ፈለገ። በጣቱ ዳበሰ፣ በብርሃን አየ። የለም። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቱ አላየም፤ ኩራትም ቅናትም ባንዴ መጡበት።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ዓይኑ አረፈ። ከመጽሔት የተቀደደ ፎቶ ተቸንክሯል፤ አንድ ሰው ቤዝ ጊታር ይዞ ቆሟል። የጊታሩ አካል ሁለት ቀንድ አለው፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ረጅሙ ከላይ ነው። ይሁን የማቲዎስን ጊታር ልክ እንደ ፎቶው አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሮ አስተኛው። ረጅሙ ቀንድ ከታች ሆነ። እንደገና አየ። ከጠረጴዛው ሥር የካርቶን ፎርማውን አወጣ፤ በወንድሙ እጅ ጽሑፍ «ፊት» ይላል። በእንጨቱ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ጽሑፉ ወደ ታች ካልተደፋ በስተቀር አይገጥምም።

ማቲዎስ ፎርማውን ገልብጦ ቆርጧል።

መጀመሪያ የተሰማው፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስታ ነው። «አንተም?» አለ ጮክ ብሎ፤ ሳቁም አመለጠው። ሳቁ ሳያልቅ ግን ሄዶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። የገደለው ደም ግፊት ይሆን ያደናገረው? ዓይኑ ደክሞ ይሆን? ሙዚቀኛው ነገ ለሰልስት ይመጣል ተብሏል። አይቶ ለከተማው ያወራል፤ ማቲዎስ በመጨረሻው ፊትና ጀርባ ጠፋበት ይባላል። የወንድምን ገበና ወንድም ካልሸፈነ ማን ይሸፍናል? ጀዕፈር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠርቶ ሊጠይቀው ይችል ነበር። ግን መጠየቅ ማለት ገበናውን በገዛ አፍ ማውጣት ነው። ማንንም አልጠየቀም። ሁለቱን ቀንዶች ቆርጦ ቦታ ሊያለዋውጣቸው ወሰነ፤ ለማቲዎስ የሚያደርግለት ነገር ተገኘ። ቀጭኑን መጋዝ አነሳና በረጅሙ ቀንድ ጀመረ።

ቀንዱ ተቆርጦ ሰጋቱራው ላይ ሲወድቅ በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ።

እማዋይሽ ናት፤ ባዶ እግሯን፣ እያለከለከች። ከኋላዋ ጎረቤታቸው ደሃቦ ክንዷን ይዛለች። እማዋይሽ ይሁንን አየች፣ መጋዙን አየች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ጠፋ። ይሁን ያንን ፊት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

«መጋዝ ሰማሁ» አለች። «እሱ መሰለኝ።»

የበሩን መቃን ይዛ ተደገፈች። ደሃቦ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «አንተ ሰው፣ ዋላሂ ጤና የለህም! በለቅሶ ቤት መጋዝ ይሳባል?»

«ትንሽ የሚስተካከል ነገር ነበር፣ እትዬ ደሃቦ።»

«እሱን ተወውና ይቺን ምስኪን ደግፈህ ያዝ!» መጋዙን ነጠቀችውና በጉርድ ቀሚሷ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ያን ቀን ከፔርሙዙ ሻሂ ስትቀዳለት እንኳ ቀና ብላ አላየችውም።

በማግስቱ ሰልስት ሆነ። ጠዋት ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ንፍሮው ዞረ። ከቀትር በኋላ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሰሚር ኢዮ ኢማን» ብሎ በሶማሊኛ አጽናናና ይሁን አጠገብ ተቀመጠ። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ኸሊፍ እባላለሁ» አለ። «ደምበል ወረዳ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ትናንት ነው የሰማሁት።»

ደሃቦ ሻሂ ሰጠችው፤ ብርጭቆው ቢያቃጥለው ግራ እጁን አውጥቶ ደገፈው። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከሥራቸው የሉም። ይሁን ዓይኑን ከእጁ ላይ ሊነቅል አልቻለም።

«እጅህን ምን አገኘው?»

«ሀርሺን ሳለሁ የውኃ ፓምፕ ቺንጋ፣ ያ የሞተር ቀበቶ፣ በላው።» ኸሊፍ እንደ ተለመደ ወሬ ነው የሚናገረው። «ቤዝ ሲመታ ገመዱን የሚጫነው ግራ እጅ ነው፤ ቀኙ ይመታል። የግራዬ ሁለት ጣት ሲሄድ እኔም ሄድኩ። ባንዱ ሌላ ሰው ያዘ። ወንድምህ ሳጥን ሊያስረክብ መጥቶ አንድ ጥግ ተቀምጬ አገኘኝ። ‹የጎደለው ጣትህ ነው ወይስ ጆሮህ?› አለኝ። ጣቴ አልኩት። ‹እንግዲያ እጅ እንቀይራለን። ቀኝህ ይጫን፣ በግራህ የቀሩት ይምቱ። እኔ ገልብጬ እሠራልሃለሁ› አለ። ስቄበት ነበር። አንድ ዱላ ላይ እንደ ጊታር አንገት መስመር ቆርጦ ‹እስክጨርስ ቀኝህን በዚህ አለማምድ› ብሎ ሰጠኝ። ስምንት ወር ገመድ የሌለው ዱላ ስደበድብ ዘመድ ሁሉ አበደ ብሎ ተስፋ ቆርጦብኛል።»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሳቁ፤ በሰልስት እንዲህ ያለ ሳቅ ይፈቀዳል። ጀዕፈርም ከወዲያ ማዶ «እኔንስ ያን ሽቦ እንዴት እንዳስጠቀለለኝ!» አለ።

ይሁን አልሳቀም። ገልብጬ። ፎርማው የተደፋው ሆን ተብሎ ነው። ማቲዎስ አልተሳሳተም፤ አንዲት ጋት እንኳ አልተሳሳተም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እሱ ደግሞ ማንም አወቅህ ሳይለው ነው ያጠበው።

«ጊታሩን ልጠይቅ አልመጣሁም» አለ ኸሊፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሰውየው ነው የመጣሁት። ሳይጨርሰው ከሄደም የአላህ ነው። ሙትን ማን ይጠይቃል?»

መውጫው ተከፍቶለታል። «አዎ፣ አልጨረሰውም።» በቃ፣ ሁለት ቃል። እማዋይሽ ጊታሩ ስንት ቀንድ እንደነበረው አታውቅም፤ ደሃቦም መጋዙን ነጠቀች እንጂ እንጨቱን አላየችም። ጥፋቱን ማቲዎስ ይሸከመዋል፤ እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይከራከር። ይሁን ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። 

«ጨርሶት ነበር» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «ገመድ ብቻ ነበር የቀረው። ገልብጦ የተሳሳተ መስሎኝ ትናንት አንዱን ቀንድ ቆረጥኩት። ተሳስቻለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።»

ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱት ለቀስተኞች እጃቸው ላይ ያለውን ይዘው ቀሩ። እማዋይሽ ከፍራሹ ቀና ብላ አየችው፤ ምን እንዳሰበች ፊቷ አይናገርም። ኸሊፍ ሻሂውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ችኮላ የለውም።

«እስቲ አሳየኝ» አለ።

ጓሮዋ ክፍል ውስጥ ኸሊፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ቀኝ እጁ አንገቱን ጨበጠ፤ የግራው ሦስት ጣቶች ማግኔቱ ላይ ልክ በቦታቸው ወደቁ። «ማቲዎስ እጄን በክር ለክቶት ነበር» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየ፤ ጣቶቹ ገመድ በሌለበት እየተንቀሳቀሱ።

«ልክ ነው» አለ። ከዚያ የተቆረጠውን ቀንድ ከሰጋቱራው አነሳ። «ያለዚህም ይጮሃል። ማንገቻው የሚታሰረው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ያለሱ ቆሜ ስጫወት አንገቱ ወደ መሬት ይደፋል።»

«እመልሰዋለሁ። መስመሩ ግን መታየቱ አይቀርም፤ አልዋሽህም።»

«ይታይ። እኔም ጎደሎ፣ እሱም ጎደሎ። ሠርገኛው የትኛችንን እንደሚያይ ግራ ይግባው።» ቀድሞ የሳቀው እሱ ራሱ ነው።

ይሁን የተቆረጡትን ሁለት ገጾች ጠርጎ ኮላ ቀባና ገጠማቸው። የሚያጠብቅበት ሞርሳ አመጣ። ቀንዱ ክብ ስለሆነ ሞርሳው ተንሸራተተ፤ ጨርቅ ጠቅልሎ ሞከረ፣ አሁንም ተንሸራተተ። ማቲዎስ ቢሆን ለዚህ ብሎ የሚገጥም መያዣ አስቀድሞ ይቀርጽ ነበር። ኮላው መጠጠር ጀምሯል። ይሁን ሌላ አላሰበም፤ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለና ጊታሩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ቀንዱን በሁለት እጁ ወደ አካሉ ጫን አድርጎ ያዘው።

«እስከ መቼ?» አለ ኸሊፍ።

«እስኪይዝ። ሁለት ሰዓትም ይፍጅ።»

«ለቀስተኛውስ?»

«እዚህ ይምጣ።»

መጡም። ዛሬ ድንኳኑ ይነሳልና ሊሰናበቱ የቆዩት ሁሉ ወደ ጓሮ ዞሩ። ደሃቦ በሩ ላይ ቆማ «አይነሳላችሁም፣ እጁ ሥራ ይዟል» እያለች ታስገባለች። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሰው ይስሙታል። ሊጨብጣቸው አይችል፣ ሊነሳላቸው አይችል። «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት አጠገቡ ያለው ኸሊፍ «አሜን» ይልለታል።

ዕንባው መቼ እንደጀመረ አላወቀም። በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ተሰብስቦ ዋንዛው ላይ ሊንጠባጠብ ሲል ፊቱን ወደ ትከሻው አዞረ፤ አልደረሰለትም። እማዋይሽ በለቀስተኞቹ መሃል ገብታ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። ተው፣ ይበቃል አላለችውም። በነጠላዋ ጫፍ አንዱን ዓይኑን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ አገጩን ጠረገችለት። ይሁን እጁን አላላላም።