አይነኬው ዘበኛ

አናጺው ስምንት ዓመት ሙሉ የተመኘው አንድ ነገር ነው፦ የክለቡን ውድድር አሸንፎ ለአገር አቀፉ የካርድ ጨዋታ ማለፍ። ሰባቴ ሞክሮ ሰባቴ ቀርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ካርዱን ሸጦ ሌላ ሱስ ይፈልግ ነበር፤ እሱ ግን እንጨት ሲልግም ሆነ ሲሸነፍ ቶሎ የሚሰለች ሰው አይደለም። ይኸው ዘንድሮም ፍጻሜ ደርሷል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ፎቅ ላይ ባለው ክፍል፣ በገዛ እጁ በሠራው ጠረጴዛ፣ የጂኦግራፊ መምህርቷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። አጠገባቸው ቆማ የምትዳኘው ደግሞ ታናሽ እህቱ ናት።

እህቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ የቻለ ሰው ምን ሕግ ያቅተዋል ብለው ነው ዳኛ ያደረጓት። የጨዋታውን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ በቃሏ ስለያዘችም “ሕገ መንግሥት” ይሏታል። ዓምና ግን ከባድ ነገር ገጠማት። በግማሽ ፍጻሜው ታክሲ ነጂውና ወንድሟ ተጋጥመው አከራካሪ ነገር ሲነሳ ለወንድሟ ፈረደች። ታክሲ ነጂው ዕድሜው የገፋ፣ የተከበረ ሰው ነው። “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ” ብሎ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ ካርድ በእጁ አልነካም። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ እየመጣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያያል። ለምን እንደሚመጣ ደፍሮ የጠየቀው የለም።

ጠቡን ያመጣው የአይነኬ ሕግ ነበር። አንዳንድ ካርዶች ጥጋቸው ላይ ትንሽ ጋሻ ታትሞባቸዋል። ጋሻ ያለበትን ካርድ የባላጋራ ካርድ ሊመታው፣ ሊያስረው፣ ሊማርከው አይችልም። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ባለመደብሩ “ያለመከሰስ መብት ያለው ሹም በሉት” ይላል። የአናጺው “ዘበኛ” እንዲህ ያለ ካርድ ነው። ዘንድሮ ካርዶቹን ሁሉ ያዘጋጀው ዘበኛውን ተማምኖ ነው፤ ሌሎቹ ቢረግፉ እንኳ እሱ ብቻውን ቆሞ ጨዋታውን ይጨርስለታል።

አሁንም ሌሎቹ ረግፈው ዘበኛው ብቻ ቀርቷል። በሚቀጥለው ተራ ቢመታ መምህርቷ አለቀላት። እሷም በእጇ የቀሩትን ሁለት ካርዶች ብዙ ካየች በኋላ “ስንብት” የሚባለውን አወረደች። ጽሑፉ አጭር ነው፦ “ተጋጣሚህ በፊቱ ካሉት ካርዶች አንዱን ራሱ መርጦ ያሰናብት።”

አናጺው ፈገግ አለ። “ይቅርታ መምህር፣ ዘበኛዬ እኮ አይነኬ ነው።”

“እኔ መች ነካሁት? ያዘዝኩት አንተን ነው” አለች መምህርቷ። “ዳኛ፣ እስቲ ፍረጂን።”

ዓምና ታክሲ ነጂው የጣለው ካርድ ይኸው ስንብት ነበር፤ ከአናጺው ፊት የቀረውም ይኸው ዘበኛ። ያን ጊዜ እህቱ “አይነኬ ነው፣ አይነሳም” ብላ ነበር። የዓምናውን ብትደግመው ማን ምን ይላታል? የአናጺው ልብ ከአሁኑ አገር አቀፉ ውድድር ገብታ ወንበር ይዛለች።

እህቱ መጽሐፉን አልገለጠችም።

“ጋሻው ካርዱን ከባላጋራ ካርድ ይጠብቀዋል” አለች ቀስ ብላ። “ስንብት ግን ካርዱን አይነካም፤ ባለቤቱን ነው የሚያዘው። ባለቤቱ በገዛ እጁ ሲያነሳው ጋሻው አያስጥለውም። ሌላ ካርድ ቢኖረው ያንን ያሰናብት ነበር፤ የለውም። ዘበኛው ይነሳ።”

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። “ዓምና በእርስዎ ላይ የፈረድኩት ተሳስቼ ነው። ለጨዋታው አሳታሚዎች ጽፌላቸው መልሱ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የዚያኑ ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ሦስት ሳምንት! አናጺው ደሙ ፈላ። አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። እራት ላይ “ዘንድሮ ዘበኛዬን የሚያቆመው የለም” ሲላት ምግቧን ትታ ትነሳ ነበር፤ እሱ ያመማት መስሎት ነበር። አንዲት ቃል ሹክ ብትለው ካርዶቹን ይለውጥ ነበር። ግን እኮ ለወንድሟ ብቻ ሹክ ያለች ዳኛ ምኑን ዳኛ ሆነች? ቀና ብሎ አያት። ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከእሱ ጋር ከአንድ ማሕፀን መውጣቱ ገረመው፤ ኮራባትም።

ባለመደብሩ ጉሮሮውን ጠረገ። “ካርዶችህን ያዘጋጀኸው በዓምናው ፍርድ ተማምነህ ነው። ያንተ ጥፋት አይደለም። ይደገም ካልክ ጨዋታው ይደገማል።”

“እኔም አልቃወምም” አለች መምህርቷ።

“ይደገም” የምትለው ቃል የአናጺው ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰች። ስምንት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም።

ይሄን ጊዜ ታክሲ ነጂው ከተቀመጠበት ድምፁን አሰማ። “በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይባላል። እኔም ዓመቱን ሙሉ ለጭብጦዬ ሳለቅስ ከረምኩ። አሁን ወጣልኝ፤ ተባረኪ ልጄ።”

አናጺው ወደ ባለመደብሩ ዞረ። “ዓምና ለእሳቸው ተደግሞላቸው ነበር?”

“አልተደገመም።”

“እንግዲያው ለእኔም አይደገምም” አለና ዘበኛውን አንስቶ ከወደቁት ካርዶች ላይ ደረበው። ለመምህርቷ እጁን ዘረጋላት።

እህቱ አሸናፊዋን መጥራት ነበረባት፤ ግን ዓይኗ ወንድሟ ላይ ቀረ።

“በይ እንጂ ዳኛ” አላት። “ሰው እየጠበቀ ነው።”

እሷም የመምህርቷን ማሸነፍ በቀጭን ድምፅ ተናገረች። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው አናጺው ነበር፤ ለማን እንደሚያጨበጭብ ግን ለመምህርቷም ገብቷታል።