የእናቴ ጥየቃ

እናቴ ፈትለወርቅ በሽተኛ መጠየቅ ታውቅበታለች። ሆስፒታል ገብታ የራሷን ሰው ብቻ አይታ አትወጣም፤ ነውር ነው። ከበሩ ጀምራ አልጋ ባልጋ ትዞራለች፤ የሁሉንም እጅ ይዛ «እግዜር ይማርሽ» ትላለች፣ ትራስ ታስተካክላለች። አገሩ ይህን ይወድላታል። እኔም እወድላት ነበር።

ባለቤቴ ትርሐስ በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ስትወልድ የወላዶቹ ክፍል ሞልቶ ከሌሎች በሽተኞች ጋር አስተኟት። ጥጉ ላይ ዓይናዲስ የምትባል ከብልባላ የመጣች ሴት ነበረች፤ የእግሯ ቁስል አልድን ብሎ የከረመች፣ ጠያቂ የሌላት። ነርሱ እሱባለው እናቴን በሩ ላይ አስቆማት።

«እናቴ፣ ጥግ ያለችውን እንዳይነኩ። ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ነው፣ በእጅ ይተላለፋል። ከነኩ ይታጠቡ።»

ይታጠቡ ይላል! የክፍሉ ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል፤ እሱም የሚታጠብበት የለው። ጄሪካን ይዤ ውኃ ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ የትርሐስን የሆድ ፋሻ እያስተካከለች ነበር።

«የጥጓን ሴትዮ ነካሻት እንዴ?»

«ታዲያ ዘልያት ልለፍ? ሰው አይደለችም?»

ዓይናዲስ ከአልጋዋ ሆና ሳቀችልኝ። «እናትህን ያክብርልህ። እዚህ ከገባሁ እጄን የያዘኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

ታጠቢ ሳልላት ውኃውን አስቀመጥኩት።

የትርሐስ ቁስል ቀላ፣ ከዚያ መግል ያዘ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ቀየረ፣ ደግሞ ቀየረ። ናሙናው ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ እሱባለው ፊቴን ማየት አልቻለም። «ያው የጥጓ ሴትዮ ጀርም ነው፤ እኛ ጋ ያለው መድኃኒት አይነካውም» አለኝ። ትርሐስ ሌላ አገር ያለ መድኃኒት ሳይደርስላት ሞተች። ልጇን ጡት ሳታጠግብ ሞተች።

እናቴ ደረቷን እየደቃች «ምንድን ነው የገደለብኝ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? «አላወቁትም» አልኳት።

ሣልስቱ እንዳለፈ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ዓይናዲስን ልትጠይቅ ነው።

«እማ፣ ተይ አትሂጂ።»

«ሐዘን ልብህን አደነደነው፣ ልጄ። ያቺም የሰው ልጅ ናት።»

ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመለሰችና ቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ሕፃኑን ልትቀበለኝ እጆቿን ዘረጋች።

«አትንኪው! ታጠቢ!» ብዬ ጮህኩባት።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ በመጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ ሕፃኑን፣ በመጨረሻ የገዛ እጆቿን። ገባት።

ከዚያ ወዲህ ታጥባ እንኳ ልጁን አቅፋው አታውቅም።