ጫማውን ያወለቀው ሾፌር

አክሊ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት በካቢሊያ ተራራ ላይ ከተበተኑት መንደሮች ልጆችን እየለቀመ ቁልቁል ያወርዳል፤ ማታ ደግሞ ሽቅብ መልሶ በየደጃቸው ያራግፋቸዋል። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ሲውል ሰውነቱ ይተሳሰርበታል፤ ለዚህም ነው ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚሮጠው። አሸንፎ አያውቅም። በየዓመቱ ከወንዙ ድልድይ ተነስቶ ተራራው አናት ላይ በሚያልቀው የጸደይ ውድድር ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው የሚገባው። መግባቱ ይበቃው ነበር።

አርባዎቹን ሲያጋምስ ቀኝ ጉልበቱ ከዳው። ቁልቁለት በወረደ ቁጥር በሚስማር የሚወጉት ይመስለው ጀመር። ቲዚ ኡዙ ከተማ ወርዶ ያማከረው ሐኪም የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣ "በቃህ፤ ከእንግዲህ ቀስ እያልክ መንሸራሸር ነው" አለው።

ለሐኪሙ ማለት ቀላል ነበር። አክሊ ግን ከአውቶቡስ ወርዶ ሶፋ ላይ፣ ከሶፋ ተነስቶ አልጋ ላይ ሆነ። ሥራው ሁሉ ከበደው። ከልጆቹ ጋር እየተሳሳቀ ይነዳ የነበረ ሰውዬ አሁን በመስታወቱ እያፈጠጠባቸው ዝም ያሰኛቸዋል። ሚስቱ ደህቢያ ለእህቶቿ፣ "የእኔ ሰውዬ ዘንድሮ ረመዳኑ አላለቀለትም፤ እንደ ጾመኛ ይነጫነጫል" እያለች ታማው ነበር።

ብርዱ ገብቶ የወይራ ለቀማ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ማሳው ወጣ። አክሊ ከዛፉ ሥር የተነጠፈውን መረብ በጭቃ እንዳያበላሽ ጫማውን አውልቆ ፍሬውን እየሰበሰበ ሳለ አንድ ከርከሮ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብድግ ብሎ በመሃላቸው አለፈ። ወይራ የተጫነችው አህያ ደንብራ ገደሉን ቁልቁል ፈረጠጠች። አክሊ ሳያስበው ተከተላት። በድንጋዩም በእሾሁም ላይ እየዘለለ ወርዶ ከጅረቱ ዳር ያዛት። ልጓሟን ጨብጦ፣ ከእሷ እኩል እያለከለከ ቆመና የጉልበቱን ሕመም ጠበቀ። አልመጣም። እግሩ ተቧጭሯል፣ ተረከዙ ላይ እሾህ ተሰክቷል፤ ጉልበቱ ግን ዝም ብሏል።

ከዚያ በኋላ ከመንደሩ መቃብር ማዶ ባለው የአፈር መንገድ ላይ በባዶ እግሩ መሮጥ ጀመረ። ጫማ አድርጎ ሲሮጥ ተረከዙን እየወቃ ይሄድ እንደነበር የገባው ያኔ ነው። አሁን እርምጃው አጥሮ በውስጥ እግሩ የፊት ክፍል ላይ ቀለል ብሎ ያርፋል። ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። ባቱ እንደ ገመድ ከመወጠሩ የተነሳ ከአውቶቡሱ በሩን ይዞ ወደ ኋላ ነበር የሚወርደው። አላርፍ ብሎ ሲገፋበት ደግሞ የእግሩ ጀርባ አብጦ ስንት ሳምንት አስተኛው። ሲሻለው እንደገና ከጥቂቱ ጀመረ። ደክሞት ነበር፤ መተውም ሰልችቶት ነበር።

በቫኑ ሰርዲን እያዞረ የሚሸጠው የድሮ የሩጫ ጓደኛው ሉኔስ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘውና ፍሬን ያዘ።

"ጫማህን ማን ሰረቀህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምንድነው? ስእለት አለብህ?"

"በባዶ እግሬ ስሮጥ ጉልበቴ ዝም ይልልኛል።"

"ወላሂ፣ የእኔም ሚስት ዝም የምትል ቢሆን በእጄ ቆሜ እሄድ ነበር!" አለና ጥሩምባውን እያንባረቀ ሄደ። በማግስቱ ወሬው መንደሩን አዳረሰ።

እናቱ ፈሩጃ ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁት።

"እውነት ነው?"

"ምኑ?"

"በባዶ እግሩ እንደ እብድ ይሮጣል የሚሉኝ።"

"እማ፣ ጉልበቴ እኮ..."

"ጉልበትህን ማን ጠየቀህ? አባትህ ከሞተ በኋላ በዚያ በረዶ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ እግሬን በጆንያ ነበር የምጠቀልለው። አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ ጫማ ይኑርህ ብዬ የሰው ወለል ስፈትግ ኖርኩ። ዛሬ ሽበት አብቅለህ፣ የፈሩጃ ልጅ ጫማ አጣ ልታሰኘኝ ነው?"

"እሺ፣ ተውኩት" አለ።

ተወውም። ጫማውን አጠለቀ፤ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሚስማሩ ተመለሰ። እንደገና ሶፋው ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ደህቢያ ሳህን እያጠበች ሳለች ዞር ብላ፣ "ስማኝ፣ ወይ እናትህን እሺ በል፣ ወይ ጉልበትህን እሺ በል። እኔ ላይ ግን አትነጫነጭ" አለችው።

ጸደይ መጣና ውድድሩ ደረሰ። ለእናቱ በገባው ቃል መሠረት ጫማውን አድርጎ ከድልድዩ ተነሳ። ዳገቱን እንደምንም ወጣው። መንደሩ ከመድረሱ በፊት ባለው ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቱ አላስረግጥ አለው። ሌሎቹ እያለፉት ሄዱ። ወይ ይመለሳል፣ ወይ ያወልቃል። ተቀምጦ ፈታው፤ ማሰሪያውን ቋጥሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና ተነሳ።

የመንደሩ ሰው በሙሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ልጆቹ፣ ጋሼ እንደማለት፣ "ዳ አክሊ! ዳ አክሊ!" እያሉ ጮሁ። አንዱ ጎረምሳ፣ "ጫማው አንተን ጋልቦሃል እኮ!" ሲለው ሁሉም ሳቀ። ፈሩጃ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አክሊ መቆም ፈልጎ ነበር። ከቆመ ግን እንደማይነሳ ያውቃል። አለፈ።

ከመንደሩ በላይ ያለው አስፋልት ተጠግኖ ጠጠር ተበትኖበታል። ጠጠሩ መሃል የጠርሙስ ስባሪ ነበርና የግራ ውስጥ እግሩን ሰነጠቀው። የቀረውን እያነከሰ፣ ገሚሱን በእግሩ እየሄደ ጨረሰው። ሲገባ የውሃ ጠረጴዛዎቹ ተነስተው ነበር። የጠበቀው ሉኔስ ብቻ ነው። እግሩን አየና፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀልድ፣ ደግፎ ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ቫን ውስጥ አስገባው።

ቤት ሲደርስ ፈሩጃ፣ "ቁጭ በል" አሉት። ሙቅ ውሃ በጨው አቀረቡና እግሩን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ቁስሉን ካጠቡ በኋላ የጠነከረውን የውስጥ እግሩን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ያማል?"

"ቁስሉ ያማል።"

"ጉልበትህስ?"

"እሱ ደህና ነው።"

"እኔን ያመኝ ነበር" አሉ አሮጊቷ። "ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይገባ ነበር። እኔ ያለቀስኩበትን ነገር አንተ እንዴት ወደድከው?"

አክሊ ለማሰብ እንኳ ደክሞት ነበር። "ጫማ ስላለኝ ይሆናል፣ እማ። አንቺ የምታወልቂው አልነበረሽም።"

ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው ረጥቧል፤ ድምፃቸው ግን አልለዘበም። "ምላስህ ከእግርህ ይበልጥ ይሮጣል።" ጨርቁን አጥብቀው አሰሩለት። "በመንደሩ መሃል አይሆንም። ከመቃብሩ ወዲያ እንደፈለግህ ሁን። እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ።"

ቁስሉ እስኪድን ብዙ ቆየ። አሁን አክሊ በመንደሩ ውስጥ ጫማውን አድርጎ ያልፋል፤ ከመቃብሩ ማዶ ያወልቃል። ከድሮው ይበልጥ ቀርፋፋ ሆኗል፤ አንዳንድ ጠዋት ጭቃውን አይቶ ከአልጋው መውረድ ያስጠላዋል፤ ቢሆንም ይወርዳል። ፈሩጃ ነገሩን እስከ ዛሬ አልወደዱትም። እሱም እንዲወዱለት አይጠብቅም።